ልኬት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ

ጥቅምት 6

ለወንድሜ ልጅ፣ ለፖስተኛዋ፤

ጉልበትሽ ይጽና፤ የምታንኳኪው በር ሁሉ በፈገግታ ይከፈትልሽ። እኔ ጤነኛ ነኝ። አውቶቡስ ተራ ስትሸኚኝ «አጎቴ፣ በስድሳ ስድስት ዓመት?» ብለሽኝ መልስ ሳልሰጥሽ አውቶቡሱ ተነሣ። መልሱ ይኸውልሽ፤ አዎን፣ በስድሳ ስድስት ዓመት።

ያለሁት የመኪና መንገዱ የሚያልቅበት ከተማ ነው። ከዚህ ወዲያ ምድረ በዳ፣ ከምድረ በዳው ወዲያ ወርቅ የተገኘበት ወንዝ አለ። ከተማው አብዷል። ፀጉር አስተካካዩ አካፋ ይሸጣል፤ ፋርማሲው አካፋ ይሸጣል፤ ጥርስ ነቃዩ ወንበሩን ሸጦ ግመል ገዝቷል። የተከራየሁት ክፍል ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ሦስት አልጋና አንድ መስኮት አለው። የመስኮቱ ደፍ ላይ ጫማ የምሰፋባቸውን የእግር ቅርጽ እንጨቶች፣ ፎርማዎቼን፣ ወስፌዬንና መዶሻዬን ደርድሬ ሥራ ጀምሬያለሁ።

ጓደኞች አግኝቻለሁ፤ ከእኔ ጋር ስድስት ነን። መሪያችንን ሻለቃ ይሉታል። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ማዕረጉን ያገኘው በድምፁ ነው። በረሃውን ሁለት ጊዜ አቋርጧል። ሁለት ወንድማማች ግንበኞች፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪና አንድ የሒሳብ አስተማሪም አሉ። መንገዱ የአሥራ ሰባት ቀን የእግር ጉዞ ነው። ግመሎቹ የሚጭኑት ውሃና ዱቄት ብቻ ነው፤ ሰው አይጭኑም። በዘጠነኛው ቀን ጉድጓድ አለ። ከወንዙ የሚመለሱ ግመለኞች እዚያ ያድራሉ። የሻለቃ ሕግ አጭር ነው፤ ጉድጓዱ ላይ መራመድ ያቃተው ከግመለኞቹ ጋር ወደ ኋላ ይመለሳል።

መጀመሪያ እኔን አልፈለገም። «ሽማግሌ አልወስድም፤ በረሃ መቅበሪያ አይደለም» አለ፤ እኔው ፊት። አልተከራከርኩትም። ጎንበስ ብዬ እግሩን ከመሬት አነሣሁና የጫማውን ሶል ለራሱ አሳየሁት። «ይሄ አራት ቀን ይሄዳል። አሥራ ሦስቱን ቀን በምን ልትሄድ ነው?» አልኩት። ሰዉ ሳቀበት። ለስድስታችንም ቦት ጫማ ልሠራ፣ እነሱም ሊወስዱኝ ተስማማን።

ትናንት ጠዋት ለካኋቸው። እግራቸውን ታጥበው፣ አርፈው፣ በርጩማዬ ላይ አንድ በአንድ እየተቀመጡ። አርባ ዓመት የለካሁት እንዲህ ነው። ጫማ እንደ ቆዳ እግር ላይ ካልተለጠፈ ጫማ አይባልም።

ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ካለው ሱቅ ወፍራም ሰም የተቀባ ክር ሁለት ጥቅልና ቆልማማ መርፌ ላኪልኝ። እዚህ ከአካፋ በቀር የሚሸጥ የለም።

አጎትሽ


ጥቅምት 17

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንቅፋት ከመንገድዎ ይራቅ፤ የረገጡት መሬት ይመችዎ። ክሩና መርፌው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። መርፌው የፖስታ ቤቱን ሰው እንዳይወጋ ቡሽ ላይ ሰክቼዋለሁ።

እዚህም አብደናል። ከመሥሪያ ቤታችን ሦስት ፖስተኞች «ወርቅ ልናጥብ ነው» ብለው በአንድ ሳምንት ሥራ ለቀቁ። የአንዱ ሰፈር ለእኔ ተጨምሮልኛል። በየደጁ የሚጠብቁኝ ሰዎች ደብዳቤያቸውን ትተው «እውነት አጎትሽ ሄዱ?» ይሉኛል። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ «እኔም ባሌን ልላከው እያልኩ ነው፤ ወርቅ ባያገኝም ቤቱ ይሰፋልኛል» አለችኝ።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ልበል፤ አይቆጡኝ። የሰዎቹን እግር በጠዋት፣ ተቀምጠው ከለኩ እባክዎ እንደገና ይለኩ። አሥራ አራት ዓመት አሥራ ሁለት ኪሎ ቦርሳ ተሸክሜ ዞሬያለሁ። ከቤት ይዤው የምወጣው እግርና ይዤው የምገባው እግር አንድ አይደለም። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እግሬ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ያድጋል። ሲመሽ አካባቢ ይለኳቸው። ቆመው ይሁን፤ ትከሻቸው ላይም ሸክም ይኑር።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 28

ለወንድሜ ልጅ፤

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ምክርሽ ይጠር። ክሩ ጥሩ ነው።

አንቺ ደብዳቤ ትሸከሚያለሽ፤ እኔ እግር አለብሳለሁ። ማን አስተማረኝ? ማንም። ማንበብ የተማርኩት ጫማ አፍንጫ ውስጥ ከሚጠቀጠቅ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ጫማ መሥራት የተማርኩት የሞተ መኮንን ቦት ፈትቼ መልሼ እየገጠምኩ ነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ፈታሁት፣ አሥራ አንድ ጊዜ ገጠምኩት። እግር አበጠ ማለት ጫማው ለቀቀው ማለት ነው። በደንብ የተሠራ ጫማ እግርን አያሳብጥም፤ ይይዘዋል።

ማስረጃ ከፈለግሽ የራስሽን እግር ተመልከቺ። በዘጠኝ ዓመት አራት ጥንድ ሠርቼልሻለሁ። አውቶቡስ ተራ ሻንጣዬን ልታነሺልኝ ስትንበረከኪ ሶልሽን አየሁት፤ ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ከተማ ሙሉ ዞረሽበት! ሥራ ማለት ይህ ነው።

ቦቶቹ አልቀዋል። ድርብ ሶል፣ ድርብ ስፌት፣ ተረከዛቸው በሃያ አንድ ሚስማር የተመታ ነው። ሻለቃ ሲለካው አጥንቱ ተንቋቋ፤ «ይጠባል እንዴ?» አለ። «ይላመዳል» አልኩት። ጋጋሪው ብቻ እንቢ አለኝ። «ጋሼ፣ እግሬ ሃያ ዓመት ምድጃ ፊት ቆሟል፤ እንግዳ አይወድም» ብሎ እንደ ጀልባ የሰፋ አሮጌ ጫማውን አጠለቀ። የመጀመሪያው ተመላሽ እሱ እንደሚሆን ጻፊልኝና አስቀምጪው።

ከነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ እንነሣለን። እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል፤ እንደ ሠርገኛ ነው ያደረገኝ። ደብዳቤሽን በወንዙ ሰፈር አድራሻ ላኪ፤ ፖስታ የሚይዙ ግመለኞች እየጋለቡ በአሥር ቀን ያደርሱታል።

አጎትሽ


ኅዳር 6

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጥላ አይለይዎ፤ የያዙት ውሃ ይበርክት። ደብዳቤዬ ከእርስዎ ቀድሞ ወንዙ ጋ ቢደርስ ይጠብቅዎታል።

ስለ ጫማዎቼ የጻፉትን አነበብኩ።

የደብዳቤ መለያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ረጅም መስመር አስምሬ አሥራ ሰባት ቦታ ከፋፍዬዋለሁ። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሚስማር ወደ ፊት አራምዳለሁ። ዛሬ ሰባተኛው ላይ ነው። አለቃችን መጀመሪያ «ይሄ የመንግሥት ግድግዳ ነው» ብሎ ነበር። አሁን አርፍጄ ስገባ ሚስማሩን ራሱ አራምዶት አገኘዋለሁ። ከባልደረቦቼ ግማሹ «ጉድጓዱን ያልፋሉ» ይላል፤ ግማሹ ዝም ይላል። ዝም ያሉትን አላናግራቸውም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ዘጠነኛው ቀን እስኪደርስ እጄ ስላላረፈልኝ ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 10፣ ከጉድጓዱ አጠገብ

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬን አጭር ስላደረግሁት ይቅር በዪኝ፤ ግመለኞቹ እየጫኑ ነው። በሕይወት አለሁ። ጤናሽን ፈጣሪ ይጠብቅ።

ሦስት ቀን እየዘፈንን ሄድን። ከዚያ የድንጋዩ ሜዳ መጣ። ጥቁር፣ ስለታም፣ ዳርቻ የሌለው ሜዳ ነው፤ ፀሐይ ከላይ ትጠብሳለች፣ ድንጋዩ ከታች ይጠብሳል። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ትንሹ ግንበኛ ተቀመጠ፤ ቦቱን ጎትቶ አወለቀና ወረወረው። «አባባ! ጫማዎ በላኝ!» ብሎ ጮኸ። ተረከዙ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። ትልቁ ወንድሙ አወለቀ፤ ያው ነው። የአስተማሪው የአውራ ጣት ጥፍር ካልሲው ውስጥ ቀረ። ሻለቃ አላወለቀም፤ ሲራመድ ግን ከንፈሩን ይነክስ ነበር። ከፊታችን ማን ይሄዳል? ጋጋሪው! ያን ጀልባውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ፣ እያፏጨ። በቁሜ ነደድኩ።

በዘጠነኛው ቀን መድረስ ሲገባን በአሥራ አንደኛው ቀን ጉድጓዱ ጋ ደረስን። የመጨረሻውን ጀሪካን በጠርሙስ ክዳን እየለካን ነው የጠጣነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሻለቃ ቆመና በዚያ ድምፁ «ሽማግሌው ይመለሳል። እግራችንን ቆርጦ ሊያስቀረን ነበር» አለ።

ቢላዬን አወጣሁ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ጫማህን አምጣ» አልኩት።

«ምን ሊያደርጉት ነው?»

«አምጣ አልኩህ።»

ጨርሼ ያስረከብኩትን ጫማ በአርባ ዓመት አንድ ቀን ቆርጬ አላውቅም። ከአፍንጫው ጀምሬ በጀርባው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰነጠቅሁት።   የአራቱንም ሰነጠቅሁ። ለመጋጠሚያ ቆዳ አልነበረኝም፤ የሥራ ሽርጤን ቆራረጥኩት። አልበቃ ሲል የመሣሪያ ቦርሳዬን ክዳን ጨመርኩበት። በአንቺ ክር ሰፋሁት፤ ከቀትር እስከ ፀሐይ መግቢያ ቀና አላልኩም።

ከመስፋቴ በፊት እያንዳንዳቸውን አቁሜ፣ ሙሉ ጀሪካን ትከሻቸው ላይ ጭኜ ነው የለካኋቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። አንቺም አትጠይቂኝ።

ሻለቃ ተጫምቶ ወዲያ ወዲህ አለ። ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያውን ዳሰሰና «ስፌቱ ከወንዙ በፊት ቢፈታስ?» አለኝ።

«በተፈታበት ቦታ ትተኸኝ ሂድ።»

«እዚያ ጉድጓድ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«በቃ፤ ነገ ጠዋት» አለ። ግመለኞቹ ይዘውት የሚመለሱት እኔን ሳይሆን ይህን ደብዳቤ ነው። ወደ ወንዙ ልሄድ ነው!

የራሴን ቦት አልቆረጥኩትም። እኔን አይጠበኝም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 2

ለተከበሩ አጎቴ፤

ስፌትዎ ይጥበቅ፤ ደጋግሜ የምለው እሱን ብቻ ነው፤ ስፌትዎ ይጥበቅ።

ደብዳቤዎን መለያ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ» ያሉት ጋ ስደርስ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ «እዚያ ጉድጓድ የለም» ጋ ስደርስ ግን ማኅተም የሚመታው ልጅ እንኳ እጁን አየር ላይ አቆመ። አለቃችን «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ወሬ እስኪመጣ ዘጠኝ ላይ አቁመነው የነበረውን ሚስማር ወደ አሥራ አንድ አራመድነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊነካው አልደፈረም። ደብዳቤዎ ሲመጣ ይራመዳል ብለናል።

የእርስዎ ቦት ብቻ እንዴት አልጠበበም? ከሁሉም ጋር በአንድ ጠዋት፣ በአንድ በርጩማ አይደለም የለኩት?

«ደረስኩ» ብለው አንድ ቃል ይጻፉልኝ። ሌላውን በኋላ።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 5፣ ከወንዙ ሰፈር

ለወንድሜ ልጅ፤

ደረስኩ!

ሰላምታው ከዚህ ይጀምር፤ ጤና ይስጥሽ፣ ደስታዬን ያካፍልሽ። የኅዳሯ ደብዳቤሽ እዚህ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። የሚጽፍ ሰው ብዙ፣ ወደ ከተማ የሚሄድ ግመል ጥቂት ሆኖ እስከ ዛሬ ዘገየሁ።

የደረስነው ኅዳር 20 ነው። ከኮረብታው ጫፍ ወንዙ እንደ ተወለወለ ቆርቆሮ ሲያበራ አየነው። ከሥሩ ድንኳን በድንኳን ነው፤ ሰው እንደ ጉንዳን ይተራመሳል፤ ሳፋው ይንኳኳል፤ ጩኸቱ እኛ ድረስ ይመጣል። ግንበኞቹ ተቃቀፉ። አስተማሪው ኮፍያውን ወረወረ፤ ነፋስ ወሰደው፤ ግድም አልነበረው። እኔ ሮጥኩ። በስድሳ ስድስት ዓመት! ቁልቁለቱን ሮጬ ወርጄ ከነልብሴ ወንዙ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጋጋሪው ከኋላዬ «ጋሼ፣ ወርቁ ላይ እንዳይቀመጡ!» እያለ ይስቃል።

በማግስቱ ሳፋ ተውሼ አሸዋ አጠብኩ። በሦስተኛው እጥበት ሳፋው ጠርዝ ላይ አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር ቀረች። የጮህኩት ጩኸት ድንኳን ሙሉ ሰው አስወጣ። «አባባን እባብ ነደፋቸው» ብለው ዱላ ይዘው መጡ።

ከስፌቱ አንድ እንኳ አልተፈታም። ሻለቃ ሁሉንም ጥንድ ድንጋይ ላይ ደርድሮ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጥርሱ ጭምር ጎተተው።  ከዚያ ቀን ወዲህ «ሽማግሌው» አይለኝም፤ «ባለሙያው» ይለኛል።

አሁን ልናዘዝ። የራሴንም ቆርጬዋለሁ። ከጉድጓዱ ሁለት ቀን አልፈን፣ ሰው ሳያየኝ፣ ድንጋይ ጀርባ ተቀምጬ። እንደ ሌባ።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። አዲስ የተመታው ሶሌ በሃያ አንድ ቀን ተበልቶ ሚስማሩ ይታያል። አንቺ በየቀኑ ከተማ ታዳርሻለሽ። አውቶቡስ ተራ ያየሁት ሶል አዲስ የሆነው ለምንድን ነው? መልሱን በመንገድ ላይ አግኝቼዋለሁ መሰለኝ፤ ግን ከአንቺ ልስማው። እንዳታለሰልሺው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 22

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንኳን ደረሱ! ዘላለም ይሩጡ። ሚስማሩን እስከ ጫፍ አራመድነው፤ አለቃችን በመንግሥት መዶሻ እስከ አንገቱ ቀበረው፤ ማንም እንዳይነቅለው።

እንዳታለሰልሺው ብለዋል፤ እሺ። ጫማዎችዎን አላደርጋቸውም። ወደ ቤትዎ ስመጣ መንገድዎ መታጠፊያ ላይ ካለው የወፍጮ ቤት ጥግ ቆሜ ከቦርሳዬ አውጥቼ አደርጋቸዋለሁ፤ ስወጣ እዚያው አወልቃቸዋለሁ። ወፍጮ ቤተኛው «ቀያሪዋ መጣች» ይለኛል። አራቱም ጥንድ አሉ፤ ሦስቱ ቤት በየካርቶናቸው ናቸው። ለዙረት ስሞክራቸው እስከ ስድስት ሰዓት ይመቻሉ፤ ከዚያ በኋላ በሬ የረገጠኝ ያህል ነው።

የመጀመሪያውን ጥንድ የሠሩልኝ አባቴ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው መስኮት መስኮት ሲያዩ ቆዩ። አድርጌው ስቆም ዞር ብለው እግሬን አዩና ፊትዎ ፈታ አለ። ከአባቴ ቀብር ወዲህ ፈታ ያላለ ፊት ነበር። እንዴት ብዬ «ጠበበኝ» ልበል? ሁለተኛው ላይ ልነግርዎ ነበር፤ ሦስተኛው ላይም። በኋላ ዓመቱ ራሱ ረዘመና አፌን ያዘኝ።

ነገር ግን አንድም ቀን አንዱን ጥንድ ሳልይዝ ከቤት አልወጣሁም። ድንገት መንገድ ላይ ቢያገኙኝ ብዬ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ከአሥራ ሁለቱ ኪሎ አንዱ የእርስዎ ጫማ ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 24

ለተከበሩ አጎቴ፤

ባሉበት ደህና ይሁኑ። ከወንዙ ሰፈር ፖስታ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ከረጢቱን ሁለቱንም ጊዜ ራሴ ፈታሁት። የእርስዎ የለም። የልብስ ሰፊዋ ባል እንኳ ጽፏል፤ ወርቅ አላገኘም፤ ጉንፋን ይዞታል።

ተቀይመው ከሆነ «ተቀይሜያለሁ» ብለው ይጻፉ። እሱንም ቢሆን ተደስቼ ነው የምከፍተው።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 9፣ ከወንዙ ሰፈር

ለወንድሜ ልጅ፣ ለፖስተኛዋ፤

ሰላም ይብዛልሽ፤ ትከሻሽ አይድከም። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ተቀይሜ ነበር። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «አጎቴ፣ ያመኛል» ብትይ ምን ነበረበት አልኩ። ከዚያ ብትነግሪኝ ኖሮ ምን እመልስልሽ እንደነበር አሰብኩ። «ይላመዳል» ነበር የምልሽ። እዚያ ላይ ቅያሜዬ አለቀ።

ወርቅ ማጠቡን ትቼዋለሁ። እነ ሻለቃ ያጥባሉ፤ ቀንቷቸዋል፤ ጩኸታቸው እዚህ ይሰማኛል። የእኔ ድንኳን በር ላይ ግን ሰልፍ አለ። ወንዝ ሙሉ ሰው በተበላ ጫማ ቆሟል፤ ሁሉም ወርቅ ያያል እንጂ ማንም እግሩን አያይም። ቆዳ አለኝ፣ ክር አለኝ፣ ከሳንቃ የጠረብኳቸው ፎርማዎች አሉኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከድንኳኔ በላይ ሰሌዳ ሰቅያለሁ፤ አስተማሪው በቆንጆ የእጅ ጽሕፈቱ ጻፈልኝ፤ «ልኬት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ» ይላል።

ትናንት አንድ ወፍራም ሰውዬ በጠዋት መጣ። «ጌታው፣ ቶሎ ይለኩኝ፤ ጉድጓዴ ጋ ሰው ይገባብኛል» አለ።

«ሰሌዳውን አንብብ።»

«ማንበብ አልችልም።»

«እንግዲያስ ሂድ፤ ቆፍር፤ ተሸከም፤ ሲደክምህ ና። አሁን ያመጣህልኝ የተኛ እግር ነው።»

«ይሄን ደግሞ ማን ነው ያስተማርዎት?» አለኝ እየሳቀ።

ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። አርባ ዓመት መልሴ «ማንም» ነበር። አሁን «ፖስተኛዋ የወንድሜ ልጅ» እላለሁ። ሻለቃም ሰምቷል። ጉድጓዱ ላይ ጀሪካኑን ያሸከምኳቸው በማን ቃል እንደሆነ ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ።

አሁን ሥራ ልዘዝሽ። ዙረትሽን ስትጨርሺ ቤትሽ ግቢ። ቦርሳሽን አታውርጂ። አትቀመጪ። ወፍራም ወረቀት መሬት ላይ አንጥፊና በሁለቱም እግርሽ ቁሚበት። አንቺ ጎንበስ ካልሽ ክብደቱ ይዛባል፤ ስለዚህ እርሳሱን ሌላ ሰው ይያዝ፤ ልብስ ሰፊዋን ጥሪያት፤ ባሏም የለ፣ ጊዜ አላት። እርሳሱን ቀጥ አድርጋ ትያዘው፤ ወደ ውስጥ አታዘንብለው። እግርሽን ለማሳነስ እንዳትሞክሪ። ያበጠውን ያህል፣ የደከመውን ያህል ላኪልኝ።

ጫማዎቹን ከቦርሳሽ አውጪያቸው። በቂ ተሸክመሻቸዋል።

ጫማው ሲደርስሽ ከደጅሽ ጀምረሽ አድርጊው። እስከ ማታም ሂጂበት። ከጠበበሽ በዚያው ቀን ጻፊልኝ፤ ቢላዬ አጠገቤ ነው።

አጎትሽ